ሱፍ ልብሶቼን የሰጠሁበት ክረምት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ሰአዳ ልብስዎን ለመለየት ላግዝዎት ብላ ስትመጣ፣ ምን ፈልጋ ይሆን አልኩ። አፍ አውጥቼ አይደለም፣ በልቤ ነው። ሰአዳ ቦንጋ ገበያ ዳር የልብስ ሱቅ አላት። ልብስ ሻጭ ሴት ሱቋን ዘግታ የሌላ ሰው ቁም ሳጥን ፊት ግማሽ ቀን በነጻ ስትቆም እኔ ዝም ብዬ ደስ አይለኝም።

እንዲህ ያደረገኝ ሥራዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ማር መርማሪ ነበርኩ። ከሺሺንዳ ጀምሬ፣ በዋጫ አልፌ፣ ቦንጋ ላይ ጨረስኩ። ሰው ያመጣውን ማር ቀምሼና ለክቼ ንጹሕ ነው ወይም ባዕድ ነገር ገብቶበታል ብዬ እፈርማለሁ። በየጠዋቱ ከቤት የምወጣው ዛሬ ሊያታልለኝ የሚሞክረው ማነው እያልኩ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲያ ሲያስብ የኖረ ጭንቅላት የጡረታ ደብዳቤ ስለደረሰው ብቻ አያርፍም። ዛሬም ዳቦ ስገዛ ገልብጬ ታቹን አያለሁ።

ልብሴን መቀነስ ግድ ሆኖብኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ልጆቼም ራሳቸውን ችለው አንዷ ጅማ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። ለብቻዬ የቦንጋ ቤት ኪራይ እየከፈልኩ ከምቀመጥ፣ ዋጫ አጠገብ እናቴ ትታልኝ ወዳለፈችው ቦታ ገብቼ ቀፎ ልሰቅል ቆረጥኩ። ዕድሜ ልኬን የሰው ማር ስመረምር ኖሬ የራሴ የምለው አንድ ቀፎ አልነበረኝም። እዚያ ያለው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ ቁም ሳጥን አያስገባም። ደግሞም ንብ ጥቁር ልብስና ሱፍ አትወድም። ሱፍ የለበሰ ሰው ቀፎ ሲጠጋ አውሬ የመጣባት ይመስላታል ይላሉ፤ ትናደፋለች። የእኔ ቁም ሳጥን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ ሰማያዊና ግራጫ ሱፍ ነበር።

ሰአዳ ልብሱን አልጋው ላይ በሦስት ከፈለችው፤ አብሮኝ የሚሄድ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። የሚሸጥ አላለችም። ይህን ልብ አልኩ። የሚሰጠው ለማን ነው ስላት፣ ከዩኒቨርሲቲው ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ሴት ልጆች ለቃለ መጠይቅ የሚለብሱት አጥተው ሱቋ እየመጡ፣ ዋጋ ጠይቀው እንደሚመለሱ ነገረችኝ። በረንዳዋ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ በልካቸው ያስተካክልላቸዋል አለች። ጥሩ ወሬ ነው። እኔ ግን ጥሩ ወሬ ይዞ የሚመጣ ባለማር ሲገጥመኝ በርሜሉን ከታች ማየት ነው የለመድኩት።

መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊ ኮትና ጉርድ ነበር። ሥራ እንደያዝኩ ያሰፋሁት የመጀመሪያ ልብሴ ነው። ሺሺንዳ ስመደብ እሱን ለብሼ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ተቀብለው ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ የሚባሉ መርማሪ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሠርግ ያለ መስሎኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም። ሄጄ ልብስ ቀይሬ እንድመለስ አደረጉኝ። እሳቸው ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ጃኬት ነበር የሚለብሱት። ምክንያቱን የነገሩኝ ዘግይተው ነው።

«ገበሬው ያንቺን ልብስ ሲያይ ራሱን ያስተካክላል። ራሱን ያስተካከለ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነ አይታወቅም» አሉኝ።

የጋሽ በየነ ልማድ ብዙ ነው። ማር በሚቀምሱበት ቀን ቡናም ሽንኩርትም አይቀምሱም። አፋቸውን ለብ ባለ ውኃ ይጉመጠመጣሉ። ብረት ጣዕም ይቀይራል ብለው ከእንጨት ራሳቸው የጠረቡትን ማንኪያ በኪሳቸው ይይዛሉ። የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ የካፋ ዝናብ የእስክሪብቶ ጽሑፍ አይምርም። በርሜል ሲከፈትላቸው ከላይ ያለውን አይነኩም። ረጅም ሸምበቆ እስከ በርሜሉ ወገብ ድረስ፣ ከዚያ እስከ ታች ይሰዱና አፉን በአውራ ጣታቸው ደፍነው ያወጣሉ። ሸምበቆው ውስጥ ከታች እስከ ላይ ያለው ማር በተራው ይወጣል። ከላይ ነጭ የገተም ዛፍ ማር አድርጎ ከታች የስኳር ሽሮፕ የደበቀ ሰው በዚያ ሸምበቆ ይያዛል።

መቅመስም አስተማሩኝ። የገተም ማር ነጭ ነው፤ ለስላሳና ዝግ ያለ። የግራዋ ማር መጨረሻው ላይ ትንሽ ይመራል። የብሳና ማር ይጠቁራል። ስኳር ግን ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፤ ጉሮሮ ላይ አይቆይም። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ እንኳ አይፈርሙም ነበር። ናሙናውን ጠርሙስ ውስጥ አድርገው መስኮት ላይ ሦስት ቀን ያቆዩታል። ሽሮፕ ያለበት ከሆነ ሲያድር ይለያል፤ ንጹሕ ከሆነ እኩል ይረጋል።

«የጠረጠርሽ ቀን አትፈርሚ» ይሉኝ ነበር። «እጁ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ሌባ አይደለም። መንግሥት ሲያይ የሚፈራ ደኅና ሰው ሞልቷል።»

ሰአዳ ኮቱን እያገላበጠች ይህን ስነግራት በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ሰማያዊውን የሚሰጠው ክምር ላይ አደረገችው። ጨርቁ ዛሬም እንዳዲስ ነው አለች። ዋጋ እያወጣች ነው ብዬ አሰብኩ።

ቀጥሎ ቲሸርቶቹ ወጡ። ከጋሽ በየነ ጋር ወደ ዋጫ ተዛውረን ቆየን፤ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ቦንጋ መጣሁ። መሥሪያ ቤቴን በስም አልጠራም፤ የነበሩት ሰዎች ዛሬም አሉ። አዲሱ ኃላፊያችን ዎርክሾፕ የሚወድ ሰው ነበር። በየዎርክሾፑ ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል። ሁሉም ደረቱ ላይ ስለ ጥራት የሚናገር መፈክር አለው። ሃያ የሚሆን ቆጠርን። ሰው ፊት ስንወጣ ግን ቲሸርት አይፈቅድም። መርማሪ ፕሮፌሽናል መምሰል አለበት ብሎ ሱፍ ልብስ አዘዘ። ከደመወዜም ከአበሌም የተረፈው ሱፍ ላይ የሄደው ያኔ ነው። ግራጫው፣ ቡናማው፣ ባለመስመሩ፣ ሁለቱ ጥቁር። ከቲሸርቶቹ ሁለቱን ለቀፎ ሥራ አስቀረሁ፤ ሌላው ወለል መወልወያ ይሆናል ተባለ።

ሰአዳ ለሰላት ወደ ቤቷ ስትሄድ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ጊዜ ያደረግኩትን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ሥራ ላይ እያለን፣ መንገድ ላይ እንዳይቀየር የምንጠራጠረው ማር ክዳን ሥር የማይታይ ምልክት እናደርግ ነበር። መርፌና ቀይ ክር አወጣሁ። ከሚሰጡት ልብሶች ውስጥ ሰባቱን መርጬ፣ ከጠርዛቸው በውስጥ በኩል የጥፍር ያህል ቀይ ክር ሰፋሁባቸው። ሰአዳ ተመልሳ ልብሱን አጣጥፋ በሁለት ማዳበሪያ ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ሆኜ ባጃጅ ውስጥ ስትጭነው አየኋት። አንዱን ጥቁር ሱፍ ግን አልሰጠኋትም። እሱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትቼ በሩን ዘጋሁበት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አምስት ቀን ቆይቼ ሻርፕ የምገዛ መስዬ ሱቋ ሄድኩ። ሁለት ሴቶች ቀሚስ ይመርጣሉ። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ያንቀጫቅጫል። ሻርፕ እየነካካሁ ዓይኔን ግድግዳው ላይ አዞርኩ። ግራጫው ሱፌ ከሚሸጡት ልብሶች መሐል ተሰቅሏል።

ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አለኝ። ይህ ስሜት የቆየ ወዳጄ ነው። በርሜል ሥር ሽሮፕ ሳገኝ የሚሰማኝ ነው፤ ደስታም አለበት። ጠጋ ብዬ ጠርዙን ገለጥኩ። ክሩ የለም። ልብሱ ግን የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ከሌላ ኮት ነቅዬ የተከልኩት ራሴ ነኝ። ምልክቱን አይታ አውጥታዋለች ማለት ነው፤ ንጹሕ ሰው ደግሞ ምልክት አያጠፋም ብዬ ፈረድኩ። ሴቶቹ እየሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ግራጫው ስንት ነው አልኳት።

ሰአዳ ዘወር ብላ አየችኝ። እንደማይሸጥ ነገረችኝ። የሚሸጥ ካልሆነ ለምን ተሰቀለ ስላት፣ ኮቱን አውርዳ ኮሌታውን ገለጠችልኝ። ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የአንዲት ልጅ ስምና የወገቧና የእጇ ልክ ተጽፎበታል። ልጅቷ ሐሙስ የሥራ ፈተና አለባት፣ ከሰዓት መጥታ ትወስደዋለች አለችኝ። ከዚያ ከመሳቢያዋ የክብሪት ቀፎ አወጣች። ከፍታ መደርደሪያው ላይ ገለበጠችው። ቀይ ክሮች ነበሩ።

«ሰባት ነው አይደል፣ እትዬ አስቴር?» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ልብስ ሰፊው ሲያጠብብ አገኘው። ሌላውን ፈልጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ አይተው የተሰረቀ ልብስ እንዳይመስላቸው ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ቀሚሱን ትተው ያዩናል። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሟል። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ፣ ሻርፑን አስቀምጬ ወጣሁ። ወደ ቤት የወጣሁት በእግሬ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር ለመቀመጥ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ራሷ መጣች። ይህን አልጠበቅኩም። ከተቀመጠች በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ነቀነቀች እንጂ ምንም አይደለም አላለችም። ምንም እንዳልሆነ ብትነግረኝ ኖሮ አላምናትም ነበር።

«የፈለግኩት ነገር እንዳለ ጠርጥረዋል፤ ነበረኝም» አለችኝ። «ይሄን ቤት ነው የፈለግኩት። እርስዎ ሲለቁ ለአከራይዋ ጥሩ ቃል እንዲነግሩልኝ። ብጠይቅዎት ኖሮ ሌላ ነገር ይጠረጥራሉ ብዬ ፈራሁ።»

ሳቅኩ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። ለአከራይዋ የዚያኑ ዕለት ስልክ ደወልኩ። ሰአዳ ግን አልተነሣችም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ጠርጥሬ ስንት ጊዜ ልክ እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። አብዛኛውን ጊዜ አልኳት፤ እውነት ነው። ልክ ያልሆኑበትስ ጊዜ አለች። ተነሥቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ጥቁሩን ሱፍ አወጣሁት።

ነገሩ የሆነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የንብ አርቢዎች ማኅበር መሰብሰቢያ ነው። የውጭ አገር ማር ገዢዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ኃላፊያችን ከኋላ ይገፋል። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት የሁሉም ማር ውጤት ተለጥፎ እንዲያድር አዘዘ። እኔም ለእንግዶቹ ብዬ ጥቁሩን ሱፍ ለብሻለሁ።

አደሎ የሚባሉ ሰው ሁለት በርሜል ይዘው መጡ። ማሩ ነጭ ነው፣ ግን ፍሬው ሻከር ያለ። እርጥበት መለኪያው ላይ ከሚፈቀደው ትንሽ ከፍ አለ። ስቀምሰው እርግጠኛ አልሆንኩም። ቀና ብዬ ሰውየውን አየሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግንባራቸው ወዝቷል፣ ዓይኔን ይሸሻሉ። እላያቸው ላይ ደግሞ አዲስ ኮት አለ፤ እጥፋቱ እንኳ አልጠፋም። ጫማቸው የተቀደደ ገበሬ አዲስ ኮት ከየት አመጣ አልኩ በልቤ። ስኳሩ ነው ያለበሰው ብዬ ደመደምኩ።

«ምን ጨመርክበት?» አልኩት። አንተ ነው ያልኩት። በዕድሜ ይበልጡኛል።

ምንም እንዳልጨመሩ ተናገሩ። አማርኛቸው ሲጨነቁ ይያዛል። እኔ የካፋ ልጅ ነኝ፣ ቋንቋቸው ቋንቋዬ ነው፤ ያን ቀን ግን በካፊኖኖ አንድ ቃል አልተናገርኳቸውም። ባለሥልጣን መምሰል ፈልጌ ነበር። ማሩን ጠርሙስ ውስጥ አቆይተሽ እይው፣ ጋሽ በየነ እንደዚያ ያደርጉ ነበር አሉኝ። እኔን በጋሽ በየነ ስም ለመኑኝ። ጊዜ የለም አልኳቸው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ብዬ ጻፍኩ፤ በእስክሪብቶ ፈረምኩ። ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ፣ ሚስታቸውም ጭምር፣ ቆሞ አነበበው።

ናሙናውን በልማድ ይዤው ሄጄ ነበር። ቦንጋ መስኮቴ ላይ በሦስተኛው ቀን እኩል ረግቶ አገኘሁት። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ላክሁት። ንጹሕ ነው ተብሎ ተመለሰ። ያን ዓመት ዝናብ ቀድሞ ስለገባ ነው እርጥበቱ ከፍ ያለው። የማኅበሩ ጸሐፊ ኋላ እንደነገረኝ፣ አቶ አደሎ ያን ቀን ወባ ይዟቸው ነበር። ኮቱን ከወንድማቸው የተዋሱት እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ ነው። እሳቸውም እንደኔ ለእንግዶቹ ለብሰው ነበር።

የእርማት ደብዳቤ ጽፌ ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ለኃላፊዬ አስገባሁ። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ሄደዋል፣ ነገር አንቀስቅስ ብሎ ፋይል ውስጥ አስገባው። ጥፋቱን እሱ ላይ ጥዬ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ግን ግልባጩ እጄ ላይ ነበር። ዋጫ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አንድ አውቶቡስ ነው። አልሄድኩም። በዚያ መሐል ማኅበሩ አቶ አደሎን አስወጣቸው። ማሩ ለጠጅ ቤት በወረደ ዋጋ ተሸጠ። ቀፎ መስቀል ትተው ቡና ላይ ብቻ ቀሩ። ሕፃናት ሳይቀሩ ስኳር አደሎ ይሏቸው እንደነበር ሰምቻለሁ።

ለሰአዳ ይህን ሁሉ ነገርኳት። የጠየቀችኝ ስለ ማሩ አልነበረም።

«እናትዎ የተዉልዎት ቦታ ዋጫ አይደል? ለሰውየው ቅርብ ነው?»

ሁለት ኮረብታ ብቻ እንደሚለየን ነገርኳት። ይህን ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። ጓዜን ለማሰናዳት ሳምንታት የፈጀብኝ በልብሱ ብዛት ነው ስል የቆየሁት ውሸት ነው።

ሱፉን ላቃጥለው አስቤ እንደነበር ስነግራት ሰአዳ ደነገጠች። ጨርቁ ምን አደረገ ብላ አጣጥፋ ወሰደችው። ሄዳ ሳትጨርስ ተመልሳ፣ የእርማት ደብዳቤው ግን አብሮዎት ከሚሄደው ክምር ጋር ይሁን አለችኝ።

መስከረም ሲገባ ዋጫ ወረድኩ። ከዚያ ሁሉ ልብስ የያዝኩት አንድ ሻንጣ አልሞላም፤ ሦስት ነጣ ያለ የጥጥ ቀሚስ፣ ሁለቱ ቲሸርት፣ አንድ ሱሪ፣ የዝናብ ካፖርትና ቦት ጫማ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብስ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ስነሣ እጄ ኮት ይፈልግ ነበር። ኮት ሳልለብስ ሰው ፊት ስቆም የምናገረው ቃል ክብደት የሚያጣ ይመስለኝ ነበር።

አቶ አደሎ ቤት የሄድኩት በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። አጥራቸውን ያጥሩ ነበር። አርጅተዋል። አወቁኝ፤ ልብሴ ቢለወጥም ወዲያው ነው ያወቁኝ። ሥራቸውን አላቋረጡም። ደኅና አደሩ ስላቸው ደኅና አሉ፤ ግቢ ግን አላሉኝም።

«ቀፎ ልትሰቅዪ ነው የመጣሽው አሉ» አሉኝ። «ማኅበሩ እንዲቀበልሽ ነው እኔ ጋ የመጣሽው?»

ዕድሜ ልኬን ሰውን ባየሁበት ዓይን ነው ያዩኝ። ልክም ነበሩ፤ እሱም አለበት አልኳቸው። ማኅበሩ ባይኖር ኖሮ ደግሞ ምናልባት አሥረኛውንም ዓመት ሳልመጣ አሳልፈው እንደነበር ነገርኳቸው። ደብዳቤውንና የላቦራቶሪውን ወረቀት ሰጠኋቸው። መጥረቢያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉኝ። ቀስ ብለው አነበቡ። ጨርሰው ወደ ላይኛው መስመር ተመለሱ፣ ቀኑን አዩ።

«ይሄን ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«አዎ፣ አቶ አደሎ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። የሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንደማነብበው ነገርኳቸው። አነበብኩትም፤ ስማቸው በተሰረዘበት መዝገብ ላይ ተመልሶ ተጻፈ። ያን ቅዳሜ ግን ማኅበሩ ግድ የሰጣቸው አይመስልም ነበር።

«ለማኅበሩ ማንበብ የራስሽ ጉዳይ ነው» አሉኝ። «ለሚስቴ ግን ግቢና ንገሪያት።»

አልገባኝም። ከእርስዎ ቢሰሙ አይሻልም ወይ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በካፊኖኖ ነገሩኝ። ሚስታቸው ዓለሚቱ ያን ቀን ሰሌዳው ፊት ቆማ ያነበበችውን አምናለች። አልፈርድባትም፣ የመንግሥት ፊርማ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማሩ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፣ አልተጣላንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለቤታችን ስኳር የምትገዛው እሷ ብቻ ናት። እኔ ከገበያ ስገባ ከረጢቴን ታያለች።

ከኋላቸው ገባሁ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ቤት ውስጥ ኮረሪማ ይፈለፍሉ ነበር። ስሜን ሲሰሙ እጃቸው ቆመ። ከመደቡ ጫፍ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን አላወጣሁም፤ እሳቸው ወረቀት አንድ ጊዜ አምነው ነበር። በቋንቋችን ነገርኳቸው። ማሩ ንጹሕ እንደነበር፣ ይህንን ሳምንት ሳይሞላ እንዳወቅኩ፣ ላቦራቶሪው እንዳረጋገጠው፣ እስከ ዛሬ ሳልናገር የቆየሁት ማንም ከልክሎኝ ሳይሆን ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ባልዎ ስኳር አልነኩም አልኳቸው፣ ቃል በቃል።

ሴትየዋ አላዩኝም። ባላቸውን ነው ያዩት። አቶ አደሎ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው፤ የገዛ ቤታቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ይግቡ እስኪባሉ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ምለህልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

«ምዬልሽ ነበር» አሉ እሳቸው።

ሴትየዋ ጭናቸው ላይ ያለውን ወንፊት ወደ ጎን አደረጉ። ነጠላቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ጠጋ አሉ። አቶ አደሎ ከበሩ ለቀው መጡ። መደቡ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት አይበቃም። ተነሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።